ካህን ሲለወጥ ጸሎት ቤቱን ማን ያዘው?

በአዲስ ከገቡ ቤተሰቦች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «ቄስና ራቢ ልዩነታቸው ምንድን ነው? እኛስ የማንን ቃል እንስማ?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1984 እና በ1991 የገባነው በግዕዝ ጸሎትና በቄስ ቡራኬ ያደግን ነን። ከ2020 ጀምሮ «ጹር እስራኤል» በተባለው ዘመቻ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ከመጡት ብዙዎቹ ግን እዚያው ተራቸውን ሲጠብቁ በምኵራብ፣ በዕብራይስጥ መጸለይን ለምደው የመጡ ናቸው። በዚህም የተነሣ በአንድ ፎቅ ቤት የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶች፣ አንዱ ለሟቹ መታሰቢያ ቄስ ሲጠራ ሌላው ራቢ ይጠራል፤ ልጆቹም መካከል ላይ ቆመው ያያሉ።

ለጥያቄው ከሕግ በኩል የሚሰጥ መልስ አለ፤ ወደ እርሱ ኋላ እንመጣለን። አስቀድሞ ግን ታሪኩን ማወቅ ይበጃል። የሃይማኖት መሪ ሲለወጥብን ይህ የመጀመሪያው አይደለምና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቤተ እስራኤል ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በመሪዎቹ ስም ነው። አባ ሳብራ፣ ጸጋ አምላክ፣ አባ መሐሪ እንላለን። ስማቸው ሊነሣ የሚገባ ነው። ነገር ግን መነኩሴው ሲሞት፣ ቄሱ ሲሰደድ፣ የመጣው አዲስ መምህር የቀደመውን ሥርዓት ሲነቅፍ፣ ጸሎት ቤቱን ሳይዘጋ ያቆየው ማን ነበር? አራሹ፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ ናቸው። የእነርሱ ስም በመጽሐፍ አልገባም።

በመንደር ሳለን ጸሎት ቤቱ፣ መስጊድ የምንለው፣ እንዴት ይኖር እንደነበር በዕድሜ የገፉት ያስታውሳሉ፤ ለልጆቻችን ግን መንገር ያስፈልጋል። ለቄሱ ከመንግሥት የሚከፈል ደመወዝ አልነበረም። አብዛኞቹ ካህናት እንደ ሌላው ሰው ያርሱ ነበር። ሕዝቡ ከአዝመራው በኵራቱንና አሥራቱን ያመጣል፤ ከታረደው ከብት ለካህኑ የሚደርሰው ድርሻ ይታወቃል። በሰንበት ሴቶች ዳቦ ጋግረው ወደ ጸሎት ቤቱ ይዘው ይመጣሉ፤ ቄሱ ይባርካሉ፤ ተቆርሶ ለሁሉም ይታደላል። ሰው ሲሞት ተዝካሩን የሚያወጣ ቤተሰቡ ነው፤ ፍትሐቱን የሚያደርሱ ካህናቱ ናቸው፤ እህሉንና ጠላውን የሚያግዝ ጎረቤቱ ነው። የጣሪያው ሣር ሲያረጅ የሚያጭድና የሚከድን ሕዝቡ ነው። ማንም ሰው «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» አይልም ነበር። ለሁሉም የሚሆን አንድ የበላይ አባትም አልነበረንም። በየአውራጃው ሊቀ ካህናት ነበረ፤ ከዚያ በላይ ግን ወንበር የለም። አንዱ ካህን ሲታጣ ከላይ ሌላ ላኩልን የሚባልበት ቢሮ ስላልነበረ፣ መንደሩ ራሱ ከልጆቹ መካከል አውጥቶ ማስተማር ነበረበት።

ከእነዚህ ካህናት በላይ ደግሞ መነኮሳት ነበሩ። በትውፊታችን እንደሚነገረው ምንኵስናን በ15ኛው መቶ ዘመን የጀመሩት አባ ሳብራና ጸጋ አምላክ ናቸው፤ ጸጋ አምላክም የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ልጅ ነበር ይባላል። መነኮሳቱ ከመንደሩ ተለይተው፣ ሥርዓተ ንጽሕናን አጥብቀው ይኖሩ ነበር። ሌላው ሰው ያበሰለውን ስለማይበሉ ሕዝቡ ጥሬ እህል ይወስድላቸዋል፤ እነርሱ ራሳቸው ፈጭተው ያበስሉታል። ካህናቱን የሚያስተምሩ፣ ጸሎቱን የሚጠብቁ እነርሱ ነበሩ። ለዘመናት የሃይማኖታችን ራስ መነኩሴው ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ በልጆቻችን ፊት «መነኩሴ» ብንል የሌላ ሃይማኖት ሰው ይመስላቸዋል፤ ይህም ለውጡ ምን ያህል የጠለቀ እንደ ነበረ ያሳያል።

ለውጡ የመጣው በሁለት ከባድ ፈተናዎች ነው። መጀመሪያው በ1860 የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን መምጣታቸው ነው። ከእነርሱ አንዱ ሄንሪ ስተርን ትውልዱ አይሁዳዊ የሆነ፣ ግን ክርስትናን የተቀበለ ሰው ነበር። መነኮሳቱን፣ መሥዋዕቱን፣ ሥርዓቱን ሁሉ በሕዝቡ ፊት ይነቅፉ ጀመር። በ1862 አባ መሐሪ የሚባሉ መነኩሴ ሕዝቡን አስነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ ጀመሩ። ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል የሚል ተስፋ ነበራቸው። ብዙ ሰው በትግራይ ምድር በረኃብና በበሽታ አለቀ፤ የተረፉት ከፊሎቹ ተመለሱ። መሪውን አምኖ የወጣ፣ ልጆቹን በመንገድ ቀብሮ የተመለሰ ሰው ከዚያ በኋላ ጸሎት ቤት ባይረግጥ ማን ይፈርድበት ነበር? ግን አልተወም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1867፣ ዮሴፍ ሃሌቪ የተባለው ሊቅ ከአውሮፓ ሲመጣ ጸሎቱና ሰንበቱ እንዳሉ አገኘ። እንዲያውም «እኔም አይሁዳዊ ነኝ» ሲላቸው አላመኑትም፤ ነጭ አይሁዳዊ አለ ብለው አያውቁም ነበርና ሌላ ሚስዮናዊ መስሏቸው ነበር። በቅርቡ በአንድ ስተርን ለተፈተነ ሕዝብ ጥርጣሬው የሚያስደንቅ አይደለም።

ሁለተኛው ፈተና ክፉ ቀን ነው። በ1888 ደርቡሽ ጎንደርን አቃጠለ። በዚያው ወራት የከብት በሽታ ገብቶ በሬውን ፈጀ፤ ድርቅና አንበጣ ተከተለ፤ እስከ 1892 ድረስ ረኃቡ አልቆመም። በሬ የሌለው አራሽ ለራሱም የሚሆን አልነበረውም፤ ለመነኩሴ የሚወስደው ጥሬ እህል ከየት ይመጣል? በሕዝቡ ትከሻ ላይ የቆመው ምንኵስናም ከሕዝቡ ጋር ወደቀ። ጥቂት መነኮሳት እስከ እኛ ዘመን ቢዘልቁም የቀድሞው ኃይላቸው አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ የሃይማኖቱ መሪ ሚስት ያገባው፣ ልጆች ያሉት፣ በመንደሩ መካከል የሚኖረው ቄስ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባል። ዛሬ «የአባቶቻችን ሥርዓት» ብለን የምንጠራው የቄስ መሪነት ራሱ ከአንድ ትልቅ ለውጥ የተወለደ ነው። የተበተነው ሰው ተመልሶ መንደር ሲመሠርት፣ የቀረው ቄስ ልጆችን በቤቱ ሰብስቦ ግዕዙን በቃል አስጠና። ወላጅ እረኛ የሚሆነውን፣ ማሳ የሚጠብቀውን ልጁን ለቄስ ትምህርት ሰጠ። በዚያ ድህነት የአንድ ልጅ ጉልበት ቀላል ስጦታ አልነበረም።

በ20ኛው መቶ ዘመን ሌላ ዓይነት መሪ መጣ፤ የተማረው ሰው ነው። ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች በ1904 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ወጣቶችን ወደ ውጭ አገር ለትምህርት ይወስዱ ጀመር። ከእነርሱም ታምራት አማኑኤል በአዲስ አበባ የተከፈተውን ትምህርት ቤት መርተዋል። ዮና ቦጋለም ከዚሁ ወገን ናቸው። ቄስ አልነበሩም፤ ነገር ግን ትምህርት ቤቶቻችንን በማስተዳደር፣ የበዓላትን መቍጠሪያ በማዘጋጀት፣ ከዓለም አይሁድ ጋር በመጻጻፍ ለሕዝቡ ታላቅ ሥራ ሠርተው በ1979 ወደ እስራኤል መጥተው በ1987 አርፈዋል። የተማሩት ሰዎች አንዳንዱን ሥርዓት፣ በተለይም መሥዋዕቱን፣ ለማስቀረት ይመክሩ ነበር። ቄሶቹ ሁሉ ደስ አላቸው ማለት አይቻልም። ሕዝቡ ግን ልጁን ጠዋት ወደ ዕብራይስጥ ትምህርት ቤት ልኮ፣ በሰንበት ደግሞ ዳቦውን ይዞ ወደ ቄሱ ይሄድ ነበር። አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል እንደሌለበት ማንም ሳያስተምረው ያውቅ ነበር እንላለን።

በሱዳን የሆነውን በአጭሩ እንጥቀስ፤ ያየነው ሰዎች ብንረዝምበት እንባ ያቋርጠናልና። በኡም ራኩባና በሌሎቹ መጠለያዎች አይሁድነታችንን መግለጽ አደጋ ስለነበረው ቄስ በቄስነቱ፣ በነጭ ጥምጥሙ ሊታይ አይችልም ነበር። በመንገድና በመጠለያ ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ ወገኖቻችን አልቀዋል። ሰንበቱን በስውር የቈጠሩ፣ ሟቹን በሌሊት የቀበሩ፣ ሕመምተኛውን የጎበኙ፣ ገንዘቡን ያከፋፈሉ ብዙዎቹ ካህናት ያልሆኑ ሰዎች ነበሩ። «ኮሚቴ» የምንላቸው ወጣቶች ሰውን በስውር እየመዘገቡ ለጉዞ ያወጡ የነበሩት ራሳቸውን ለእስር አጋልጠው ነው።

እስራኤል ስንገባ ደግሞ ሕጉ ሌላ ሆኖ ጠበቀን። በዚህ አገር የአይሁድ ጋብቻና ፍቺ በሕግ የራባኑት ሥልጣን ነው። በመንደሩ አጋብቶ የሚያፋታ፣ የሚያስታርቅ፣ የነፍስ አባት የነበረ ቄስ በአንድ ሌሊት ማኅተም የሌለው ሰው ሆነ። ምንም እንኳ ዋናው ራቢ ዖቫድያ ዮሴፍ በ1973 አይሁድነታችንን ቢያረጋግጡም፣ ራባኑቱ ለመጋባት የምንፈልገውን በመጥለቂያ ውኃ እንድንነከር ጠየቀ። በ1985 በመጸው ወራት ሕዝባችን በኢየሩሳሌም ከራባኑቱ ፊት ለፊት ለአንድ ወር ያህል ተቀመጠ። ካህናቱ በፊት ነበሩ፤ ከኋላቸው ግን ሕፃን ያዘለች እናት፣ ከፋብሪካ ወጥቶ የመጣ ሠራተኛ፣ ከአዳሪ ትምህርት ቤት የመጣ ተማሪ ነበረ። ነገሩ በአንድ ጊዜ አልተፈታም። የናታንያው ራቢ ዳዊድ ሸሉሽ ግን ያለ መጥለቅ ያጋቡ ስለነበር ከየከተማው ሙሽሮች ወደ እርሳቸው ይሄዱ ነበር። ለራቢ ያለንን አክብሮት ስንናገር እንዲህ ያሉትንም ማሰብ ይገባል።

በ1992 ካህናቱ ራሳቸው ክብራቸው እንዲታወቅላቸው ተነሥተው ተቃወሙ። የማጋባት ሥልጣን አልተሰጣቸውም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ መንግሥት ካህናትን በየከተማው የሃይማኖት ምክር ቤት (ሞዓጻ ዳቲት) ቀጥሮ ደመወዝ ይከፍል ጀመር። እንግዲህ ከላይ ያቆየነው የሕጉ መልስ ይህ ነው። ጋብቻን የሚመዘግብ ራባኑቱ ነው። ለቡራኬ፣ ለተዝካር፣ ለዕርቅ፣ ለስግድ ቄስ መጥራት የሚከለክል ሕግ የለም። ብዙ ሙሽሮች በራቢ ተጋብተው በቄስ ይባረካሉ። ከወገናችን የወጡ ራቢዎችም አሉን፤ ከእነርሱ የመጀመሪያው ራቢ ዮሴፍ ሃዳነ የሊቀ ካህናት ራፋኤል ሃዳነ ልጅ ናቸው። አባትዮው ቄስ፣ ልጅዮው ራቢ፤ ቤቱ ግን አንድ ነበረ።

ስለ ደመወዙ የምናስበውን እንናገር። ደመወዙ ተገቢ ነው፤ ቄስ በልመና እንዲኖር የሚፈልግ የለም። ይሁን እንጂ ደመወዙ ከመጣ ወዲህ በብዙ ሰው ልብ «ቄሱ የመንግሥት ናቸው፣ መንግሥት ያስብላቸው» የሚል ሐሳብ ገብቷል። ዳቦ ይዞ የሚመጣው ቀንሷል። ቄስ የሚጠሩት ሰው ሲሞትና ባልና ሚስት ሲጣሉ ብቻ የሆኑ ቤቶች አሉ። ስግድ በ2008 በክኔሴት ሕግ የአገር በዓል ስለሆነ፣ በየዓመቱ በማርሔሽዋን 29 በኢየሩሳሌም ብዙ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ ባለሥልጣናትም መጥተው ይናገራሉ። ደስ ይላል። ግን በማግስቱ በሰንበት በየሰፈሩ ጸሎት ቤት የሚገኙት ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው።

ከኢትዮጵያ የመጡት ታላላቅ ካህናት እያረፉ ነው። በዚህ አገር የተሾሙ ወጣት ካህናት አሉ፤ በእርሻ መካከል ሳይሆን በሥራና በወታደርነት መካከል የተማሩ ናቸው። የምክር ቤቶቹ የቄስ ቦታ የተወሰነ ስለሆነ ሁሉም ደመወዝ አያገኙም። ጸሎቱን ለመማር ግዕዙን ማወቅ፣ ዜማውን በጆሮ መያዝ ያስፈልጋል። በ1986 ተመራማሪዎች የካህናቱን ዜማ በቴፕ ቀድተዋል፤ ይህም መልካም ረዳት ነው፤ ቴፑ ግን የተሳሳተውን ተማሪ አያርምም። አጠገቡ ተቀምጦ የሚያርም አባት ሊኖር ይገባል፤ ይህም ዓመታት ይፈጃል። የቄሱ ነገር ለተሾመው በከፊል መልስ አግኝቷል። ለተማሪው ግን የሚከፍል የለም። በመንደር ሳለን የተማሪውን ስንቅ የሚሰፍሩለት ወላጆቹና ጎረቤቶቹ ነበሩ፤ እዚህ ማን እንደሚሰፍርለት ገና አልተነጋገርንበትም።