ከመኪናው በፊት ዱካ ነበረ

ጧት ነው፤ ፀሐይ ከሉዋንግዋ ወንዝ ማዶ ብቅ ማለቷ ነው። ምሥራቅ ዛምቢያ ውስጥ ባለው በዚህ ሸለቆ ጥቂት ሰዎች አንዱ የሌላውን ኋላ ተከትሎ ይሄዳሉ። ከፊት ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ አለ፤ ቀጥሎ መሪው። ማንም አያወራም። መሪው ድንገት ቆሞ መዳፉን ወደ ኋላ ሲዘረጋ ሰልፉ ባለበት ይረጋል። ከኪሱ አመድ የተቋጠረባት ትንሽ ከረጢት አውጥቶ ነቅነቅ ያደርጋታል። አመዱ ቡን ብሎ ወደ ፊታቸው ይመለሳል። ነፋሱ ከወዲያ ወደ እነሱ ነው የሚነፍሰው ማለት ነው፤ ከቁጥቋጦው ጀርባ ያለው ዝሆን ገና አላሸተታቸውም።

ሳፋሪ ሲባል የብዙዎቻችን ዐይን ላይ የሚመጣው ጣሪያው የተከፈተ ላንድክሩዘርና አንዲት አንበሳ ከብበው የቆሙ አሥር መኪኖች ናቸው። መኪናው ግን ለዚህ ታሪክ እንግዳ ደራሽ ነው። ዛሬ “አማራጭ” ተብሎ በውድ ዋጋ የሚሸጠው የእግር፣ የታንኳና የበቅሎ ጉዞ የጥንቱ ሳፋሪ ነው። በመሀሉ የተለወጠው ማን ተሸክሞ እንደሚከተል፣ ማን ደግሞ እንደሚመራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሸክሙ በማን ራስ ላይ ነበር?

ሳፋሪ የስዋሂሊ ቃል ነው፤ ከዐረብኛ የተወረሰ ሲሆን ትርጉሙ “ጉዞ” ነው። ዛሬም ከዳሬሰላም ወደ ዶዶማ በአውቶቡስ የሚሳፈር ሰው ሳፋሪ ላይ ነው፤ ሸኚዎቹም እኛ “መልካም መንገድ” እንደምንለው “ሳፋሪ ንጄማ” ይሉታል። በ19ኛው መቶ ዘመን ሳፋሪ ማለት ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ተነሥቶ ወደ መሀል አገር የሚዘልቀው የነጋዴ ጓዝ ነበር። ጨርቅና ዶቃ ይገባል፤ የዝሆን ጥርስ ይወጣል። የቆላ ዝንቡ ገንዲ እያስያዘ አጋሰሱን ስለሚጨርስ ዕቃው የሚጓዘው በሰው ራስና ትከሻ ላይ ነበር።

የአውሮፓና የአሜሪካ አዳኞች ሲመጡ የጠበቃቸው ይኸው ሥርዓት ነው። ቴዎዶር ሩዝቬልት ከአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት በወረዱ በሳምንታት ውስጥ፣ በኤፕሪል 1909 ሞምባሳ ገቡ። ከሞምባሳ ወደ ደጋው ሲወጡ ባቡሩ አፍንጫ ላይ ከተሠራ መቀመጫ ላይ ሆነው ሜዳውን እየቃኙ ነበር። ከባቡሩ ከወረዱ በኋላ ያለው መንገድ ግን የእግርና የፈረስ ነው። ከ200 በላይ ተሸካሚዎች፣ እያንዳንዳቸው ወደ 27 ኪሎ የሚመዝን ሸክም ይዘው፣ ድንኳኑንና ጥይቱን፣ ቆዳ ማድረቂያውን ጨው፣ በአሳማ ቆዳ የተደጎሱትን የሩዝቬልት መጻሕፍት ሳይቀር ተሸክመው ተከተሉ። ሩዝቬልትና ልጃቸው ከርሚት ከ500 በላይ እንስሳት ገደሉ። የተገደለው እንስሳ በዓይነትና በቁጥር በመጽሐፋቸው ሰፍሯል፤ ተሸካሚዎቹ ግን በአብዛኛው በጅምላ “ተሸካሚዎች” እንደተባሉ አለፉ።

በ1920ዎቹ መኪና ሜዳው ላይ ደረሰ። ተሸካሚው ከሥራ ወጣ። አዳኙም ማድባትና ነፋስ መለካት ቀረለት፤ ከመቀመጫው ሳይነሣ መተኮስ ቻለ። ሴሬንጌቲ ላይ በዚህ መንገድ የሚያልቀውን አንበሳ አይተው ከተቆጡት አንዱ የራሳቸው የአዳኞቹ ወገን፣ የሳፋሪ መሪው ዴኒስ ፊንች ሃተን ነበሩ፤ በ1929 ለለንደኑ ዘ ታይምስ ጋዜጣ አቤቱታቸውን ጻፉ። ውሎ አድሮ ጠመንጃው በካሜራ ተተካ። ኬንያ በ1977 አደንን ጭራሽ ከለከለች። መኪናው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

እንስሳው ጎብኚ የሚያመላልሰውን መኪና የማይጎዳ ግዙፍ ነገር አድርጎ ይለምደዋል፤ አንበሳ በጥላው ሥር እስከ መተኛት ይደርሳል። ለእግረኛ ያለው ትዝታ ግን ሌላ ነው። ከጥንት ጀምሮ ጦር ይዞ የመጣበት ይኸው በሁለት እግሩ የሚሄደው ፍጡር ነውና። መቶ ሜትር ላይ መኪና ችላ ያለ ጎሽ፣ በዚያው ርቀት ሰው በእግሩ ሲመጣ ቀና ይላል። ከመኪና የወረደ ሰው በጎሹ ዐይን እንደገና ሰው ይሆናል።

የንሴፉ ምድር

ይህን የእግረኛና የእንስሳ ግንኙነት ወደ ጥቅም የለወጡት ኖርማን ካር የሚባሉ ሰው ናቸው። በ1912 በዛሬዋ ሞዛምቢክ በቺንዴ ወደብ ተወለዱ። በያኔዋ ሰሜን ሮዴዥያ፣ በዛሬዋ ዛምቢያ፣ የመንግሥት ሥራቸው ማሳ የሚያጠፉ ዝሆኖችን ተከታትሎ መግደል ነበር። የሉዋንግዋን ሸለቆ ያወቁትም በዚሁ ሥራ፣ በእግራቸው ነው። በቅኝ ግዛቱ የአደን ሕግ እንስሳው የመንግሥት ነበር፤ ለአገሬው የሚተርፈው የተረገጠ ማሽላ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ገበሬው ዝሆንን ለምን ይውደድ?

በ1950 ካር የኩንዳ ሕዝብ ባላባት ወደሆኑት ወደ ንሴፉ ሄደው ያልተለመደ ሐሳብ አቀረቡ። ከመሬትዎ ከፊሉን ለእንስሳት ይተዉ፤ ሊገድል ሳይሆን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ እናሳርፍ፤ የሚከፍለው ገንዘብም ለሕዝብዎ ይግባ አሏቸው። ባላባቱ ተስማሙ። በወንዙ ዳር ስድስት ክብ ጎጆዎች ቆሙ። ጎብኚው የከፈለው ገንዘብ ወደ ኩንዳ ሕዝብ መግባት ጀመረ፤ ዝሆኑም በሕይወት ሳለ የሚያስገባው ነገር ተገኘለት። የንሴፉ ስም ዛሬም በቦታው አለ፤ በ1972 ከታወጀውና 9,050 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚሰፋው የደቡብ ሉዋንግዋ ብሔራዊ ፓርክ አንዱ ክፍል የሚጠራው በእሳቸው ነው።

ቀጣዩ እርምጃ በ1960ዎቹ መጀመሪያ መጣ። ካር ጎብኚዎችን ከመኪና አውርደው ከሰፈር ሰፈር ለቀናት በእግር ይመሯቸው ጀመር። በዚያ ሸለቆ አዳኞች ገንዘብ የሚያገኙት እንግዳቸው ሲተኩስ ነበር፤ ካር ግን ያለ ተኩስ መሄድንም ሸጡ። እሳቸው ራሳቸው ብዙ ያውቁ ነበር፤ ሁለት የአንበሳ ግልገሎች አሳድገው ወደ ዱር እስከ መመለስ ደርሰዋል። ቢሆንም የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፤ ጉዞው ያለ ሸለቆው ተወላጅ ጠባቂዎችና ዱካ ፈላጊዎች አይሆንም ነበር። ካር በ1997 ሲያርፉ ያስጀመሩት የእግር ጉዞ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሥር ሰዷል።

አሠራሩ ዛሬም ያው ነው። ጉዞው በዋናነት ከጁን እስከ ኦክቶበር፣ በበጋው ነው፤ ሣሩ ሲያጥር ርቆ ይታያል፤ እንስሳውም ወደ ወንዙ ይሰበሰባል። በሣርና በእንጨት የተሠሩት ትንንሽ ሰፈሮች ክረምት ሳይገባ ይፈርሳሉ፤ ወንዙ ከአፉ ሲወጣ ይወስዳቸዋልና። በዓመቱ እንደገና ይሠራሉ።

እግር የሚያነበው

በእግር የሚሄድ ሰው ብዙ እንስሳ አያይም። በመኪና በአንድ ጧት ስልሳ ኪሎ ሜትር ይካለላል፤ በእግር ሰባት ወይም ስምንት ቢሄዱ ነው። ትርፉ ሌላ ነው። መኪና ላይ ያለ ሰው ዝሆኑን ያያል፤ እግረኛው ዝሆኑ የሠራውን ያያል።

መሪው ዱካ ላይ ቁጢጥ ይላል። የዝሆን የፊት እግር አሻራ ክብ ነው፤ የኋላው ሞላላ። የፊቱን አሻራ ዙሪያ በገመድ ለክቶ በሁለት ቢያባዛው ዝሆኑ እስከ ትከሻው ምን ያህል እንደሚረዝም በግምት ያውቃል። የአሻራው ጠርዝ ስለታም ከሆነ ዱካው ትኩስ ነው፤ ነፋስ ካለዘበው ወይም የሌሊት ነፍሳት ከተሻገሩበት የትናንት ነው። ፋንድያውን በእጁ ጀርባ ዳብሶ ሙቀቱን ያያል፤ ፈልፍሎም ምን እንደበላ ያነባል።

ጆሮም ሥራ አለው። በጎሽና በአውራሪስ ጀርባ ላይ መዥገር የሚለቅሙ ወፎች ሰው ሲያዩ እየጮኹ ይነሣሉ። ጩኸታቸውን የሰማ መሪ ጎሹን ሳያየው ቦታውን ያውቃል፤ ሰልፉንም ያዞራል። እንግዳው ከመነሣቱ በፊት የሚነገረው ትእዛዝም አጭር ነው፦ ምንም ቢመጣ አትሩጥ። የሚሮጥ የሚበላ ነው።

የማግቁቡ ትምህርት

ካር በሉዋንግዋ ሲለፉ ወደ ደቡብ ሌላ ሰው ተመሳሳይ መንገድ ይዘው ነበር። የደቡብ አፍሪካው ኢያን ፕሌየር የጎልፍ ተጫዋቹ የጋሪ ፕሌየር ታላቅ ወንድም ናቸው። በ1950ዎቹ የዱር እንስሳት ጠባቂ ሆነው ሲሠሩ ከማግቁቡ ንቶምቤላ ጋር ተገናኙ። ማግቁቡ በዕድሜ ይበልጧቸዋል፤ ዙሉ ናቸው፤ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። በመዝገብ ላይ ፕሌየር አለቃ፣ ማግቁቡ ታዛዥ ነበሩ። ጫካው ውስጥ ግን ተማሪው አለቃው ሆኑ። በ1959 በኢምፎሎዚ የጀመሩት የእግር ጉዞ መኪና ፈጽሞ የማይገባበት ክልል ውስጥ ነበር፤ ነጭ አውራሪስ ከመጥፋት የተረፈበት ምድር ነው። በአንዳንዶቹ ጉዞዎች ጎብኚዎች ድንኳን የላቸውም፤ ሌሊቱን ተራ ገብተው እያንዳንዳቸው ብቻቸውን እሳት ዳር ይጠብቃሉ። የጅብ ድምፅ እየሰሙ እንጨት መጨመር ነው። ማግቁቡ በ1993 አረፉ። ፕሌየር ከዚያ በኋላ ያሳተሙት መጽሐፍ ስለ ሁለቱ ወዳጅነትና ከእሳቸው ስለ ተማሩት ነው።

በቦትስዋና ኦካቫንጎ ደግሞ እግር የሚተካው በታንኳ ነው። ዝናቡ አንጎላ ደጋ ላይ ይዘንባል፤ ውኃው ወራት ተጉዞ በበጋው እምብርት፣ ከጁን እስከ ኦገስት፣ ሜዳውን ይሞላዋል። ሞኮሮ የሚባለውን ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ታንኳ ወደዚያ ያመጡት የባዬ ሰዎች ናቸው፤ ለዓሣና ለአደን ነበር። ዛሬ ዛፍ ለመቆጠብ አብዛኛው የሚሠራው ከፋይበርግላስ ነው። ቀዛፊው ከኋላ ቆሞ በረጅም ዘንግ መሬቱን እየገፋ ይሄዳል። ተሳፋሪው ወለሉ ላይ ስለሚቀመጥ ዐይኑ ከውኃው አፍ እኩል ነው፤ የጥፍር ያህል እንቁራሪት ሸምበቆ ላይ ተለጥፋ ያያል። የቀዛፊው ዐይን ግን ጉማሬ ላይ ነው፤ ጥልቁን ውኃ ለእሱ ትቶ ጥልቀት በሌለው በኩል ይነዳል።

ሌሎችም መላ ፈልገዋል። ኬንያ ውስጥ በ1932 ዛፍ ላይ የተሠራው ትሪቶፕስ እንግዳውን ቁጭ አድርጎ እንስሳውን ወደ እሱ ያስመጣ ነበር፤ በ1952 ኤልሳቤጥ ልዕልት ሆነው ወጥተው፣ አባታቸው በሌሊት ስለሞቱ ንግሥት ሆነው የወረዱበት ዛፍ ነው። ፊልም ሠሪው አለን ሩት በ1974 ኪሊማንጃሮን በባሉን ተሻግረው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በማሳይ ማራ ለጎብኚ አስጀመሩት። ባሉን ግን ነፋስ ወደ ወሰደው ነው የሚያርፈው፤ ተሳፋሪዎቹን ለቅሞ የሚመልሳቸውም ያው መኪና ነው።

ሰሜን ተራራ ላይ

ለእኛ ይህ ሁሉ አዲስ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የሰሜን ተራሮች የመጀመሪያው ዋርደን ሆነው የመጡት ዌልሳዊው ክላይቭ ኒኮል ያገኙት አገር የእግርና የበቅሎ አገር ነበር። ፓርኩ በ1969 ታወጀ፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዛሬ እስከ ጨነቅ የሚዘልቅ የመኪና መንገድ አለ፤ ሰሜንን አየሁ የሚለው ግን ከሳንቃበር ወደ ግጭ በእግሩ የወጣው ነው። እዚህ ሥጋት የሚሆን ጎሽም ዝሆንም ስለሌለ ጭላዳዎቹ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጩ መዋል ይቻላል።

ጉዞው ደባርቅ ላይ ነው የሚሰናዳው። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ የበቅሎ ባለቤት፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት፤ ከአንድ ጎብኚ ኋላ ብዙ ጎጆ አለ። ለዚህም ነው ካለፉት ዓመታት ግጭት ወዲህ የእንግዳ እግር ሲሳሳ ጉዳቱ መጀመሪያ የተሰማው እነዚሁ ቤቶች ውስጥ የሆነው።

ስካውቱ ጋቢውን ደርቦ፣ ኮንጎ ጫማ አድርጎ ከፊት ይሄዳል። ኋላው ያለው ጎብኚ ውድ የተራራ ጫማ አድርጎም ጠጠሩ ላይ ይንሸራተታል። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ስካውቱ ይቆምና በጠመንጃው አፈሙዝ ሳይሆን በአገጩ ወደ ታች ያመለክታል። “ዋልያ” ይላል። ጎብኚው ያያል፤ ድንጋይ ነው። ደግሞ ያያል፤ አሁንም ድንጋይ። ስካውቱ አይቸኩልም፤ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ከድንጋዮቹ አንዱ ቀንዱን ያዞራል።