ያልተጫነችው ሁለተኛ ቁልፍ

መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር። እኛ አገር እንቁጣጣሽ፤ ፈረንጆቹ ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የሚሉት ቀን። በየዓመቱ አዲስ ዓመት ሲደርስ የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ቪዲዮ እዚህ ፌስቡክ ላይ ተመልሶ ይመጣል፣ ከሥሩም ያው የተለመደው ክርክር ይነሳል። ዘንድሮ ከተማሪዎቼ አንዱ አጭር ጽሑፍ ላከልኝ። ፍሬ ነገሩ "343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ያለቁት አንዲት የሬዲዮ ቁልፍ ስላልተጫነች ነው" የሚል ነው። ከሥሩ "ቲቸር፣ እውነት ነው?" ብሎ ጽፎበታል።

ይሄ በአዎ ወይም በአይደለም የሚመለስ አይደለም። ቁልፏ እውነት ናት። "ስላልተጫነች ነው" የሚለው ነው ችግሩ። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ከዚህ በኋላ ሰዓቱንም ዓመቱንም እንደ ኒውዮርክ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ቀን ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ቀደም ብሎ ነው። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1993 አሸባሪዎች በዚያው የዓለም ንግድ ማዕከል ምድር ቤት፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ፈንጂ የጫነ መኪና አፈነዱ። 6 ሰው ሞተ፣ ከሺህ በላይ ሰው ተጎዳ። ጭሱ በደረጃዎቹ ሽቅብ ወጣ። ሰዉን ከሕንፃዎቹ አውጥቶ ለመጨረስ ከአራት ሰዓት በላይ ፈጀ። ያን ዕለት የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መገናኛ ሬዲዮ ክፉኛ አስቸገረ። ምክንያቱ ሁለት ነበር፤ ሁለቱንም ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ተመልሰው ይመጣሉ።

አንደኛው ጉልበት ነው። በእጅ የምትያዝ ሬዲዮ ያላት አቅም ጥቂት ዋት ነው። ሜዳ ላይ ብዙ ትሄዳለች። 110 ፎቅ ባለው የብረትና የኮንክሪት ሕንፃ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ወለል ትንሽ ትንሽ ይበላባታል፤ ላይ የወጣው ሰውዬ ታች ላለው አለቃው የሚናገረው መንገድ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው መጨናነቅ ነው። ይህች ሬዲዮ እንደ ስልክ አይደለችም። በስልክ ሁለታችሁም እኩል መናገር፣ እኩል መስማት ትችላላችሁ። በሬዲዮ ግን ቁልፉን ተጭኖ የያዘው ይናገራል፣ ሌላው ሁሉ ይሰማል። ሁለት ሰው እኩል ከተጫነ ድምፁ ይደበላለቃል፣ ወይም ጉልበተኛው ደካማውን ይውጠዋል። የጥበቃ ሠራተኞች ሲነጋገሩ "ይሰማል?"፣ "ይሰማል፣ ቀጥል" የሚባባሉት ለማሳመር መስሏችሁ ከሆነ አይደለም፤ ተራ መያዣቸው ነው። እንግዲህ በመቶ የሚቆጠር ሰው በአንድ ቻናል ላይ ሲንጫጫ አስቡት።

ለመጀመሪያው ችግር የተገኘው መፍትሔ ሪፒተር ይባላል። ከእጅ ሬዲዮ የመጣውን ደካማ ድምፅ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይቀበልና አጠንክሮ በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሶ ይለቀዋል። ገደል ማሚቶ በሉት፤ ግን ከጠሪው በላይ የሚጮኽ ገደል ማሚቶ ነው። ሕንፃዎቹ የኒውዮርክና የኒውጀርሲ ወደብ ባለሥልጣን ነበሩ፤ ባለሥልጣኑ በ1994 በራሱ ወጪ ሪፒተሩን አስተከለ። መሣሪያው የተቀመጠው ከመንትዮቹ አጠገብ ባለው 5 ቁጥር ሕንፃ ውስጥ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ቻናል 7 ላይ ሲሄዱ ያገኙታል።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር ለማንኛውም መሥሪያ ቤት ሰው አዲስ አይደለም። ወደብ ባለሥልጣኑ "ሁልጊዜ እንደበራ ይቆይ" አለ። እሳት አደጋው "የለም፣ ሲያስፈልግ ብቻ ይብራ፤ አለበለዚያ በአካባቢው ሌላ ቦታ የምንሠራውን ሥራ ይረብሽብናል" አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በ2000 ጸደይ ላይ ደግሞ እሳት አደጋው ማብሪያ ማጥፊያው በየሕንፃው መግቢያ አዳራሽ፣ የእሳት ደኅንነት ጠረጴዛው ላይ እንዲሆንለት ጠየቀ፤ ተደረገለት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ማብራት ሙሉ በሙሉ የእሳት አደጋው ኃላፊነት ሆነ። ሰሌዳው ላይ የሚጫኑ ሁለት ቁልፎች ነበሩ። አንደኛዋ ሪፒተሩን ታበራለች። ሁለተኛዋ ጠረጴዛው ላይ ያለው፣ እንደ ስልክ እጀታ የሚያዘው ዋና መነጋገሪያ ድምፅ ማስተላለፍ እንዲችል ታደርጋለች።

አሁን ወደ ጠዋቱ። 8:46 ላይ የመጀመሪያው አውሮፕላን የሰሜኑን ሕንፃ መታ። የሻለቃ አዛዡ ጆሴፍ ፋይፈር ከዚያ ሩቅ ባልሆነ መንገድ ላይ የጋዝ ሽታ ጥቆማ ሲያጣራ ነበር፤ በደቂቃዎች ውስጥ አዳራሹ ደረሰ። አብሮት ስለ እሳት አደጋ ሠራተኞች ዘጋቢ ፊልም የሚሠራ ፈረንሳዊ ስለነበረ የዚያ አዳራሽ ሁኔታ በካሜራ ተቀርጾ ቀርቷል።

8:54 ላይ አንደኛዋ ቁልፍ ተጫነች። ማን እንደተጫናት የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽኑም አላረጋገጠም። በዚያች ሰከንድ ሪፒተሩ በራ፤ በቻናል 7 ላይ ያለ ሁሉ በእጅ ሬዲዮው እርስ በርስ መነጋገር ይችላል። ሁለተኛዋን ቁልፍ ግን ያን ቀን የተጫናት ሰው የለም።

9:03 ላይ ሁለተኛው አውሮፕላን የደቡቡን ሕንፃ መታ። 9:05 ላይ አለቆቹ ሪፒተሩን ሞከሩት። አንደኛው ዋናውን መነጋገሪያ አንስቶ ተናገረ፤ ቁልፏ ስላልተጫነች ድምፁ አልወጣም። ሌላኛው በእጅ ሬዲዮው ጠራው፤ ይሄም አልተሰማም። ወይ ሌላ ብልሽት ነበር፣ ወይ ደግሞ የሰሌዳው ድምፅ ተቀንሶ ነበር። መሣሪያው ሥራ ላይ በማይሆንበት ጊዜ ድምፁን ቀንሶ መተው የተለመደ ነበርና። እንግዲህ መነጋገሪያው አይናገርም፣ አይሰማም። "አይሠራም" ብለው ተዉት፤ ሪፒተር ወደሌለው ቻናል ሄዱ።

በዚህ ውሳኔ እነሱን የሚሳደብ ሰው ሲገጥመኝ ደስ አይለኝም። ከውጭ ሰው ከሰማይ እየወደቀ፣ ጭንቅላታችሁ ላይ 110 ፎቅ እየነደደ፣ መቶ ሰው "የት ልሂድ?" እያለ ሲጠይቃችሁ አንድን መሣሪያ ስንት ደቂቃ ትመረምራላችሁ? ጥያቄው መጠየቅ ያለበት ለ9:05 አይደለም። ለ2000፣ ለ1999፣ ምንም ላልነደደባቸው ተራ ቀኖች ነው። ዘወትር የማይነካ መሣሪያ ላይ፣ ሁለት ቁልፍ ያለውን ሰሌዳ፣ በጭንቅ ቀን ማን ነው በቃሉ የሚያውቀው?

ደቡቡ ሕንፃ ውስጥ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ የገቡት አለቆች ሬዲዮአቸውን ቻናል 7 ላይ አደረጉ። ያው ሪፒተር፣ ያው ቀን። ሠራ። የሻለቃ አዛዡ ኦሪዮ ፓልመር እስከ 40ኛ ፎቅ ብቻ የሚሄድ አንድ ሊፍት አግኝቶ ወጣ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ያን ሁሉ ልብስና መሣሪያ ተሸክሞ በእግሩ ተያያዘው። ለመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ያህል ላይ ያሉትና ታች ያሉት በደንብ ተነጋገሩ። 9:21 ገደማ ግን ታች አዳራሽ ያለው አለቃ ቻናሉን ለቆ ስለነበር ፓልመር ሲጠራው መልስ አላገኘም። ወደ ደቡቡ ሕንፃ ከገቡት ቡድኖችም አብዛኞቹ ቻናል 7 ላይ አልነበሩም። ፓልመር ከሥሩ ከሚከተሉት የመሰላል ቡድን አባላት ጋር ግን እየተነጋገረ ወጣ፤ አውሮፕላኑ የገባበት አካባቢ፣ 78ኛ ፎቅ ደረሰ። ሁለት ቦታ ላይ የተነጠለ እሳት እንዳየ፣ በሁለት የውሃ መስመር ሊጠፋ እንደሚችል፣ ብዙ የሞቱ ሰዎችም እንዳሉ በሬዲዮ ተናገረ።

9:59 ላይ ሕንፃው በአሥር ሰከንድ ውስጥ ፈረሰ።

ይህን እንዴት አወቅን? የቻናል 7 ንግግር በቴፕ ይቀዳ ነበር። ቴፑ ከ5 ቁጥር ሕንፃ ተገኘ። በመጀመሪያዎቹ ወራት "ሪፒተሩ ተበላሽቶ ነበር" ሲባል የነበረውን ነገር የገለበጠው እሱ ነው። የፓልመር ድምፅ እዚያ አለ፤ እየደከመው፣ ትንፋሽ እያጠረው፣ ግን ምን መደረግ እንዳለበት እያዘዘ። ቤተሰቦቹም ሰሙት። ለተማሪዎቼ ስለ ታሪክ ምንጭ ሳስተምር የማነሳው ይሄንን ነው፤ የዓይን ምስክሮቹ ሁሉ ቅን ሰዎች ነበሩ፣ ያዩትን ነው የተናገሩት፣ ግን እነሱ የቆሙበት ጠረጴዛ ላይ ያለው መነጋገሪያ ዝም ስላለ መሣሪያው በሙሉ የሞተ መሰላቸው።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር አስተውሉ። ሪፒተሩ በሠራበት ሕንፃ የነበሩትም አልዳኑም። በሬዲዮ መነጋገር መቻል ሕንፃው እንደሚፈርስ ማወቅ አይደለም።

የደቡቡ ከፈረሰ በኋላ የሰሜኑ 29 ደቂቃ ቆሟል። የቁልፏ ክርክር የሚያርፈው በእነዚያ 29 ደቂቃዎች ላይ ነው። የውጡ ትእዛዝ ወዲያው ተሰጠ፣ በሬዲዮ። 35ኛ ፎቅ ላይ የነበረ አንድ አለቃ የደቡቡን መፍረስ በሬዲዮ ሰምቶ ትእዛዙን ደገመው፤ የእጅ ድምፅ ማጉያም ስለነበረው በየደረጃው እየዞረ "ውጡ!" እያለ ጮኸ። ያን ሁሉ ቴክኖሎጂ ይዘው መጨረሻ ላይ የቀረው የሰው ጉሮሮ ነበር።

አንዳንዱ አልሰማም። ሬዲዮው እዚያ ፎቅ ላይ አይደርስም ነበር፤ ወይም ቻናሉ ተጨናንቆ ቃሉ አልለይ አለ፤ ወይም ሌላ ቻናል ላይ ነበር። ያን ጠዋት የፈረቃ መለወጫ ሰዓት ስለነበረ ከሥራ የወጡት ጭምር መኪና ላይ ተንጠልጥለው መጥተዋል፤ ከእነሱ ውስጥ ሬዲዮ ያልያዘ ነበር። የ1993ቱ ሁለት ምክንያቶች ትዝ አሏችሁ?

ግን ኮሚሽኑ ቆጥሮ ያገኘውን ስሙ። ወደ ሰሜኑ ሕንፃ ከታዘዙትና በትክክልም ውስጥ ከነበሩት ቢበዛ 32 ቡድኖች፣ ቢያንስ 24ቱ የውጡ ትእዛዙን ሰምተዋል፤ በሬዲዮ ወይም ከሌላ ሰው አፍ። የሰሙት ሁሉ አልወጡም። አንዱ የቡድኑን ጓደኛ ይጠብቃል። አንዱ መራመድ ያቃተውን ሰው ይዟል። ብዙዎቹ ደግሞ ጎረቤት ያለው ሕንፃ መፍረሱን አያውቁም፤ "ውጡ" የሚለውን ሰምተዋል፣ "ለምን" የሚለውን ግን ማንም አልነገራቸውም። ስለዚህ እየወጡ አረፍ ይሉ ነበር፤ ደክሟቸዋላ! ኮሚሽኑ የደረሰበት መደምደሚያ የሬዲዮው ችግር አንድ አስተዋጽኦ ያደረገ ምክንያት እንጂ በሰሜኑ ሕንፃ ለሞቱት ብዙዎቹ ዋናው ምክንያት አይደለም የሚል ነው።

የፖሊስ ሄሊኮፕተር ደግሞ ከላይ ያይ ነበር። ከ10 ሰዓት በኋላ ባሉት ደቂቃዎች አብራሪዎቹ የሰሜኑ ሕንፃ ብዙ እንደማይቆይ በሬዲዮ ተናግረዋል። የተናገሩት በፖሊስ ሬዲዮ ነው። የእሳት አደጋው በዚያ ፍሪኩዌንሲ ላይ አልነበረም። ለእኔ ከቁልፏ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። የፖሊሱ መሣሪያ አልተበላሸም፣ ቁልፉም ተጭኗል፣ ድምፁም ጥርት ብሎ ወጥቷል። ሰሚው ነው ሌላ ቦታ የነበረው። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ለዓመታት አብረው ሳይለማመዱ፣ በጋራ ማዘዣ ሳይቀመጡ የቆዩ ናቸው። ይሄ በቁልፍ አይስተካከልም።

በፈተና ወረቀት ላይ "የአንደኛው የዓለም ጦርነት መንስኤ ምንድን ነው?" ብዬ ስጠይቅ ግማሹ ክፍል "የአርክዱክ ፈርዲናንድ መገደል" ብሎ ያርፋል። የሳራዬቮው ጥይት እውነት ነው፣ ተተኩሷል። ግን ጥይቱን ወደ ጦርነት የለወጡት አስቀድመው የተደረደሩ ነገሮች ናቸው። ቁልፏን ብቻ የሚያወራው ጽሑፍም እንደዚያው ነው። ለማንበብ ይጥማል፣ ለማጋራት ይቀላል፤ ተጠያቂውን ግን አንዲት ፕላስቲክ ያደርገዋል። ቁልፏን ብትጫኑልኝና ዋናው መነጋገሪያ ቢሠራ ኖሮ ጥቂት ሰው ይተርፍ ነበር? ምናልባት። ከደቡቡ ያየነው ግን አለቆች ቻናሉን ይዘው ካልቆዩ፣ ቡድኖቹም እዚያ ካልገቡ ሪፒተር ብቻውን ሩቅ እንደማያስኬድ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተለውጧል። የኒውዮርክ እሳት አደጋ 45 ዋት ጉልበት ያለው፣ በሻንጣ መልክ የሚያዝ የማዘዣ ሬዲዮ ሠርቶ ወደ ረጃጅም ሕንፃዎች ይዞ መግባት ጀመረ፤ አንዱ ታች ከአለቃው ጋር፣ ሌላው ላይ እሳቱ አጠገብ ይቀመጣል፣ በሕንፃው ሪፒተር ላይ ጥገኛ አይሆኑም። የከተማዋ የ2014 የሕንፃ ሕግ ደግሞ አዲስ የሚሠሩ ረጃጅም ሕንፃዎች ለእሳት አደጋ የሚያገለግል የራሳቸው የሬዲዮ ማጠናከሪያ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። የማብሪያ ሰሌዳው ዛሬም የሚቀመጠው መግቢያ አዳራሹ ውስጥ ነው።