ሆሊውድ ለመግባት ከቤት የጠፋው ልጅ

ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ የድሮ ፊልም ምን ይጠቅማል?» ይሉኛል። ለነሱም ለናንተም ይሁን፣ ትንሽ ላውራ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሆሊውድ ሙዚቃና ቀልድ የተቀላቀለበት ፊልም በገፍ ያወጣ ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው፤ ወንዱ ሴቷን ይወዳታል፣ ይጣላሉ፣ በመሃል ይዘፈናል ይጨፈራል፣ መጨረሻ ላይ ይታረቃሉ። ጂን ኬሊ ዝናብ ላይ ጃንጥላውን ይዞ የሚጨፍርበት «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ቆይቶ ኤልቪስ ፕሪስሊ መጣና ያንኑ ቅርጽ በሮክ ሞላው። የ1960ው «ጂ አይ ብሉስ» ሌላ ነገር የለውም፤ ወታደር፣ ጊታር፣ ቆንጆ ልጅ፣ አለቀ።

በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር ነበሯት። ለኛ ለኮልፌዎቹ የሚቀርበው መርካቶ ያለው ሲኒማ ራስ ነው። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለውም ጣሊያን ለሲኒማ ብሎ የጀመረው ሕንፃ ሲሆን ተሠርቶ ያለቀው በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ ኢዮቤልዩ ነው። እንግሊዝኛ የማይሰማ ሰውስ ምን ያያል? ዘፈንና ጭፈራ አስተርጓሚ አይፈልግማ! እኛስ በቪዲዮ ቤት ሂንዲ ሳንችል አልቅሰን የለ እንዴ?

ከነዚያ ፊልም ወዳዶች አንዱ በ1933 ዓ.ም. የተወለደው አለማየሁ እሸቴ ነው። ልጅ እያለ ሆሊውድ እገባለሁ ብሎ ከቤት ጠፋ። በመርከብ ሊሻገር እስከ ኤርትራ ወደብ ደርሶ ነው የተመለሰው። ጸጉሩን አሳደገ፣ እንደ አሜሪካኖቹ ለበሰ፣ የኤልቪስን ዘፈን ዘፈነ። ከዚያ ፖሊስ ኦርኬስትራ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ ነው የሚለውን ሕግ ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም፣ የመጀመሪያው ሸክላ የአለማየሁ ሆነ።

«ኮረጀ» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። አለባበሱና ጩኸቱ የባሕር ማዶ ነው፣ እሺ። ቋንቋው ግን አማርኛ፣ ቅኝቱም የኛው ነው። ኩረጃ ቢሆን ፈረንጅ ከስንት ዓመት በኋላ ሸክላውን ፈልጎ ለምን ያሳትመዋል? የራሱ ኤልቪስ እያለው!

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ኦርኬስትራው ነበረን፣ ዘፋኙ ነበረን፣ በቴአትር ቤቶቹም ሰው በሳቅ የሚገድሉ ተዋንያን ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያው ረጅም ፊልማችን «ሂሩት አባቷ ማነው» ሲወጣ ግን ታሪኩ የኀዘን ነው። ቀጥሎ የመጣው «ጉማ»ም የደምና የበቀል። አለማየሁ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. አረፈ፤ ድምፁ በሸክላ ቀርቶልናል። በ20ዎቹ ዕድሜው እየጨፈረ የሚስቅበት አንድ የኛ ፊልም ግን የለንም።

ሲኒማ ራስ ገብታችሁ ያያችሁ ጋሼዎችና እትዬዎች ካላችሁ፣ የፊልሙን ስም ብቻ እንኳ ከታች ጻፉልኝ። ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።