ዝናብ ያስፈራበት ዘመንና ዘፈኖቹ

በአገራችን ዝናብ ቀረ ተብሎ ምህላ ሲያዝ እንጂ፣ ዝናቡ መርዝ ይዞ ይሆናል ተብሎ ሲፈራ አላየንም። ሆኖም ከ1954 እስከ 1963 ባሉት ዓመታት በሌላው ዓለም የሚኖሩ እጅግ ብዙ ወላጆች ይህን ፍርሃት በሚገባ ያውቁት ነበር። በዚህ ጽሑፍ ፍርሃቱ እንዴት ወደ ዘፈን እንደተለወጠ፣ ዘፈኖቹም ለታሪክ መምህር ምን ዓይነት ማስረጃ ሊሆኑ እንደሚችሉ ለመመልከት እንሞክራለን። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በቢኪኒ ደሴት የሀይድሮጂን ቦምብ ሞከረች። የፍንዳታው ኃይል 15 ሜጋቶን ሲሆን፣ ሂሮሺማን ካወደመው ቦምብ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጥ ነበር። ከሥፍራው ርቆ ዓሣ ያጠምድ በነበረው «ዕድለኛው ዘንዶ» በተባለ የጃፓን መርከብ ላይ ነጭ አመድ ወረደ። 23ቱም መርከበኞች ታመሙ፤ የራዲዮ ሠራተኛውም በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ሞተ። በጃፓን የጣለው ዝናብ ሳይቀር በጨረር ተበክሎ ተገኘ። በዚያው ዓመት በጃፓን የሠራተኞች መዘምራን ቦምቡ ለሦስተኛ ጊዜ እንዳይጣል የሚጠይቅ መዝሙር መዘመር ጀመሩ። የኑክሊየር መሣሪያ እንዲታገድ የቀረበው አቤቱታም ከ30 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ተሰበሰበለት።

ዝናቡ የተፈራው በከንቱ አልነበረም። በአየር ላይ የሚደረግ ፍንዳታ ከሚበትናቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ ስትሮንቲየም 90 ነው። ይህ ንጥረ ነገር በባሕርዩ ከካልሲየም ጋር ስለሚመሳሰል ሰውነት ለይቶ አያውቀውም። ከዝናቡ ወደ ሣር፣ ከሣሩ ወደ ላም፣ ከላሟ ወደ ወተት፣ ከወተቱም ወደ ሕፃኑ አጥንትና ጥርስ ይገባል። ግማሹ እስኪጠፋ ድረስ 29 ዓመት ያህል ይፈጃል። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ሐኪሞች፣ ሳይንቲስቶችና እናቶች ተባብረው ከ1958 ጀምሮ የልጆችን የወተት ጥርስ ሰበሰቡ፤ የተሰበሰበውም ጥርስ 300,000 ያህል ደረሰ። ምርመራው የቦምብ ሙከራው እየበዛ ሲሄድ በጥርሱ ውስጥ ያለው ስትሮንቲየምም እየጨመረ መሄዱን አሳየ።

በ1962 ማልቪና ሬይኖልድስ የተባለችው አሜሪካዊት «ዝናቡን ምን አደረጉት?» የሚል ዘፈን ደረሰች። ማልቪና በ1900 በሳን ፍራንሲስኮ የተወለደች፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ጽሑፍ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘች፣ ዘፈን መድረስ የጀመረችውም ከአርባ ዓመቷ በኋላ ነበር። በግጥሙ ውስጥ ቦምብ የሚል ቃል አንድም ጊዜ አይገኝም፤ ያለው ዝናብ፣ ሣርና በዝናቡ ውስጥ የቆመ ሕፃን ነው። ዘፈኑ በጆን ባዬዝ ድምፅ ተሰማ፤ በ1964 ደግሞ በእንግሊዝ ሰርቸርስ የተባለው ቡድን ተጫውቶት እጅግ ታወቀ። እኛ እንደምናምነው የዘፈኑ ኃይል ያለው ባልተናገረው ነገር ላይ ነው።

በዚያው ዓመት ቦብ ዲላን ስለ ብርቱ ዝናብ የሚናገር ረጅም ዘፈን ደረሰ። ይህ ዘፈን በኩባ ሚሳይል ቀውስ ጊዜ፣ ዓለም በአንድ ሌሊት ትጠፋለች ተብሎ ሲፈራ የተጻፈ ነው እየተባለ በብዙ ቦታ ይነገራል። ነገር ግን ቀኖቹን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ዲላን ዘፈኑን በኒውዮርክ መድረክ የዘፈነው ሴፕቴምበር 22 ቀን 1962 ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ስለ ሚሳይሎቹ ለሕዝብ የተናገሩት ኦክቶበር 22 ቀን ነው። ዘፈኑ ልክ አንድ ወር ቀድሟል። ከዚህም ሌላ ዲላን ራሱ በ1963 በራዲዮ ሲጠየቅ ዝናቡ የአቶም ዝናብ አይደለም ብሏል። አድማጩ ግን የአቶም ዝናብ ብሎ ሰማው። እንግዲህ ዘፈኑ የቀውሱ ውጤት ሳይሆን፣ ፍርሃቱ ከቀውሱ በፊት በሰው ልብ ውስጥ እንደነበረ የሚመሰክር ሰነድ ነው።

ኦገስት 5 ቀን 1963 አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ብሪታንያ በአየር፣ በጠፈርና በውኃ ውስጥ የኑክሊየር ሙከራ እንዳይደረግ በሞስኮ ተፈራረሙ። ውሉን ዘፈን አመጣው ብንል ታሪክን ማጣመም ይሆናል። የሳይንቲስቶቹ ጥናት፣ የእናቶቹ ሰልፍ፣ የኩባው ድንጋጤ፣ የመንግሥታትም ሥራ ነበረበት። አገራችንም ድርሻ ነበራት፤ ኅዳር ወር 1961 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ የኑክሊየር መሣሪያን መጠቀም የሚያወግዘውን መግለጫ ሲያጸድቅ፣ ሐሳቡን ካቀረቡት 12 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። መግለጫው በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተአቅቦ አለፈ።

ይሁን እንጂ ውሉ ሙከራውን ከመሬት በታች አወረደው እንጂ አላቆመውም። ዝናቡ ሲጠራ ዘፈኑም ቀዘቀዘ፤ የመሣሪያው ቁጥር ግን እያደገ ሄዶ በ1986 ገደማ 70,000 ያህል ደረሰ። የማይታይ አደጋ አይዘፈንም ማለት ነው። ድምፁ እንደገና የተነሣው በ1980ዎቹ ዓመታት ነው። በ1983 መጀመሪያ ኔና የተባለው የምዕራብ ጀርመን ቡድን ጦርነት ስለሚያስነሡ 99 ፊኛዎች ዘፈነ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 26 ቀን የሶቪየት የማስጠንቀቂያ መሣሪያ በደመና ላይ ያንጸባረቀውን የፀሐይ ብርሃን የሚሳይል ጥቃት አድርጎ አመለከተ። በሥራ ላይ የነበረው መኮንን ስታኒስላቭ ፔትሮቭ ግን ስሕተት ነው ብሎ ወሰነ። ዓለም ይህን የሰማው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዘፋኞቹ ነቢያት አልነበሩም፤ ማንም አስተዋይ ሰው ሊደርስበት የሚችለውን ነገር አስበው ነበር።

ስለዚህ ዘፈንን ወደ ታሪክ ክፍል ስናስገባ ተማሪው ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቅ እናስተምረው፦ መቼ ተደረሰ? ደራሲው ምን ለማለት ፈለገ? አድማጩስ ምን ሰማ? ውል ምን እንደተስማሙ ይነግረናል፤ ሰዎች ከውሉ በፊት ምን ፈርተው እንዳደሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚነግረን ዘፈን ነው። ዛሬም በዓለም ላይ 12,000 ያህል የኑክሊየር መሣሪያዎች አሉ፤ ስለ እነርሱ የሚዘፈነው ግን ጥቂት ነው። ይህ ዝምታ ራሱ በክፍል ውስጥ ሊመረመር የሚገባው ማስረጃ ይመስለናል።