ጠፍ የተባለው ቆላ፤ የመተማ የዕጣን ዛፍና የልማት ገንዘብ ታሪክ

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ ሱዳን ጠረፍ የሚወርድ መንገደኛ፥ ገንዳ ውሃን አልፎ መተማ ዮሐንስ ከመድረሱ በፊት ኮኪት የምትባለውን ስፍራ ያገኛል። በበጋ ወራት ያ ምድር ለዓይን የሚያሳሳ አይደለም፤ ሣሩ ተቃጥሎ መሬቱ ጠቁሯል፥ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ቆሟል፥ ሙቀቱም ደገኛውን ያስጨንቃል። ከደጋ የወረደ ሹምም ሆነ መሐንዲስ አገሩን በተመለከተ ጊዜ «ጠፍ መሬት ነው» ብሎ የሚመለሰው ስለዚህ ይመስለናል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህችኑ አንዲት ቃል ነው። ጠፍ የተባለው አገር በእውነት ጠፍ ነበርን? ጠፍ ነው ተብሎ የሕዝብ ገንዘብ በወጣበት ጊዜስ ምን ተገኘ፥ ምን ጠፋ?

መተማ በታሪካችን ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ስፍራ በመሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ጦርነት ብዙ ዘመን ቀደም ብሎ ስፍራው የሰውና የገበያ አገር ነበረ። የጉሙዝ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ይኖርበታል። ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ ለመሳለም ሲጓዙ እዚያው የቀሩት ተክሩሮችም እርሻና ንግድ አቋቁመውበት ነበር። ከጎንደር ወደ ስናር የሚወርደው የነጋዴ መንገድ በዚሁ ቆላ ያልፍ ስለ ነበረ፥ እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1764 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ በዚህ በኩል ወርዷል። ቡናው፥ ማሩ፥ ሰሙና ጥጡ በመተማ ገበያ ይለወጥ ነበር፤ የባሪያ ንግድም ነበረበት፥ ይህን መሸሸግ አይገባንም። በ1894 ዓ.ም. የተፈረመው የወሰን ውል ገላባትን ለሱዳን፥ መተማን ለኢትዮጵያ ባደረገ ጊዜም የተከፈለው ሰው ያለበት አገር ነበረ እንጂ ባዶ ሜዳ አልነበረም።

የዚህ ቆላ ታላቁ ሀብት የዕጣን ዛፍ ነው፤ ዋልያ መቀር የሚሉትም አሉ። ቅርፊቱ እንደ ወረቀት እየተላጠ የሚነሣ፥ ድንጋያማውን ተረተር የሚወድ፥ ሰብል በማይጠግብበት ቀጭን አፈር ላይ የሚቆም ዛፍ ነው። ክረምቱ አልፎ ቅጠሉ ሲረግፍ ዕጣን አምራቾች፥ ብዙዎቹም በየዓመቱ ከትግራይና ከሌላም ደጋ የሚወርዱ ሠራተኞች፥ በትንሽ ስለት ቅርፊቱን በጥቂቱ ይፍቁታል። ከቁስሉ የሚወጣው ነጭ ወተት ደርቆ እንደ እንባ ይንጠለጠላል፤ በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ያንን እየለቀሙ ቁስሉን ያድሳሉ፤ ዝናም እስኪቃረብ ድረስም እንዲሁ ይደጋገማል። የተለቀመው ዕጣን በመጋዘን በሴቶች እጅ እየተመረጠ በመልኩና በመጠኑ ይለያል። ከፊሉ በቤተ ክርስቲያን ጥና ላይ፥ ከፊሉም በየቤቱ በቡናው ረከቦት አጠገብ ይጤሳል፤ የተረፈው ወደ ውጭ አገር ተልኮ የውጭ ምንዛሪ ያመጣል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ይህ ዛፍ ገንዘብ የሚሰጠው ቆሞ ሳለ ነው፤ ማሽላና ሰሊጥ ግን ዛፉ ካልወደቀ አይዘሩም። የመተማ ልማት ክርክር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ደገኛው ወደዚህ ቆላ በብዛት እንዳይወርድ ለብዙ ዘመን የከለከለው ንዳድ ነበረ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት የወባ ማጥፊያ ድርጅት አቋቁሞ የመድኃኒት ርጭት ሲጀመር የቆላው በር መከፈት ጀመረ፤ ይህም የሚያስመሰግን ሥራ እንጂ የሚያስወቅስ አይደለም። በዚያው ዘመን ትራክተር ወደ ሰቲት ሁመራ ገባ፤ ዱሩ እየተነቀለ ሰሊጥና ማሽላ ተዘራበት፤ በ1962 ዓ.ም. አካባቢም የዓለም ባንክ ብድር ተጨመረበት። በጊዜው ያየው ሁሉ ቢያደንቅ አይፈረድበትም፤ ሰሊጥ በእርግጥ እንደ ወርቅ ይቆጠር ነበር።

ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ከድንበር ማዶ፥ ገዳሪፍ ላይ ቆሞ ይታይ ነበር። ሱዳንን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለሠራዊቱ እህል ለማግኘት ሲል፥ በ1937 ዓ.ም. አካባቢ በዚያ ሜዳ በመኪና የሚታረስ እርሻ አስጀምሮ ነበር። ከነጻነት በኋላም እርሻው በመንግሥት ገንዘብና በዓለም ባንክ ብድር እየሰፋ ሄደ። እህሉ ተገኝቷል፤ ሱዳንንም መግቧል። ይሁን እንጂ ሙጫ የሚሰጠው ግራር ከሥሩ ተነቀለ፥ አፈሩ ዓመት ባመት ማሽላ ብቻ እየተዘራበት ደከመ፥ አራሹም የደከመውን ትቶ ወደ አዲሱ ዱር ገፋ። ከመተማ ዮሐንስ በአንድ ቀን ጉዞ የሚታየውን ይህን ነገር የእኛ ዕቅድ አውጪዎች የሚኮረጅ ምሳሌ አድርገው ተመለከቱት ለማለት ያስደፍራል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ የግሎቹ ሰፋፊ እርሻዎች ተወረሱ፤ በ1969 ዓ.ም. ደግሞ ሁመራና መተማ የጦር ሜዳ ሆኑ። ከ1977ቱ ረኀብ ቀጥሎ መንግሥት የተራበውን ሕዝብ ወደ ቆላ ሲያሰፍር፥ ከቋራ በስተደቡብ በበለስ ሸለቆ በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ ታላቅ የልማት ሥራ ተጀመረ፤ ታላላቅ መኪናዎች ዱሩን ጠረጉት፥ የጉሙዝ ሕዝብም ከይዞታው ተገፋ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሥራው ቆመ። የተጠረገው ዱር ግን ከመኪናዎቹ ጋር ተመልሶ አልሄደም።

አሁን ወደ 1995 ዓ.ም. እንምጣ። በዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ነገሮች ሆኑ። የመጀመሪያው ስለ አካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የወጣው አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው፤ አካባቢን የሚጎዳ ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ ጉዳቱ እንዲመዘን ያዛል። ሁለተኛው በሦስት ዓመት ውስጥ 2.2 ሚሊዮን ሰዎችን በአራት ክልሎች ለማስፈር የታቀደው ፕሮግራም ነው። የሠፈራው መመሪያ በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ነበር፤ ለአንድ ቤተ ሰብ እስከ ሁለት ሄክታር መሬት ይሰጥ ዘንድ ወስኗል፤ መሬቱም «በሚገባ ያልተሠራበት» እንዲሆን ደንግጓል። ያች የድሮዋ «ጠፍ» የምትለው ቃል፥ እንደምናየው፥ ልብሷን ለውጣ መጣች። በአማራ ክልል ከዋናዎቹ ተቀባዮች መካከል መተማና ቋራ ነበሩ። ሠፋሪው ጎጆ ለመሥራት፥ ለማገዶና ለእርሻ ዛፍ ቆረጠ፤ ከብቱንም በዱሩ አሰማራ። ለሰሊጥና ለጥጥ መሬት ከመንግሥት የተመሩ ባለ ሀብቶችም በበኩላቸው ሰፊ ዱር አስመነጠሩ።

ሠፋሪውን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምንለው። በተራቆተ ደጋ ላይ ልጆቹ ሲራቡ ያየ ሰው ሁለት ሄክታር ጥቁር አፈር ሲሰጡት ከዛፉ ጋር እንዲማከር መጠበቅ ግፍ ነው። መማከር የነበረበት ገንዘቡን የመደበው ክፍል ነው። አንድ ሄክታር ለሰሊጥ ሲሰጥ በሒሳቡ የሚገባው የሰሊጡ ዋጋ ነው፤ በየዓመቱ ይለቀም የነበረው ዕጣን፥ በሥሩ ተይዞ የነበረው አፈር፥ ንቡና ማሩ ግን ከወጪ ወገን አይጻፉም። መንግሥት በ1998 ዓ.ም. በቋራ የአላጥሽን ብሔራዊ ፓርክ ማቋቋሙ መልካም ነው፤ ሆኖም የመተማ የዕጣን ተረተር ከፓርኩ ወሰን ውጭ ነው።

ዕጣኑን ራሱን የሚያመርተውም ክፍል ከጥያቄ አያመልጥም። ለአጭር ዘመን ዱር የተሰጠው ድርጅት የሚመለከተው የዓመቱን ኩንታል ነው፤ ዛፉን ለማሳረፍ ምን ያተጋዋል? ነገሩ ግን በዚህ ብቻ አያበቃም። በመተማ በ12 ቦታዎች ዛፎችን ቆጥረው የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2004 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ፥ አኳኋኑ ካልተለወጠ በ50 ዓመት ውስጥ ከዛፉ መቶ እጅ ዘጠናው እንደሚጠፋ ገምተዋል፤ የሚፋቀውም ሆነ የማይፋቀው ዱር እየጠፋ መሆኑን አሳይተዋል። እሳቱ፥ ከብቱና ግንድ የሚበላው ጢንዚዛ በአንድነት ይሠሩበታል። እንግዲህ ማሳረፍ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ ቁራጭ ዱር ከእሳትና ከከብት መጠበቅ፥ ለጥበቃውም እንደ መንገዱና እንደ ድልድዩ ሁሉ በጀት መመደብ ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠን በ2005 ዓ.ም. የታተመው ሌላው ምርመራ ነው። በዚያው በመተማ፥ ለምለም ተራራ በሚባለው ስፍራ፥ የዕጣን ዛፎችን የግንድ ቀለበት በመቁጠር ዕድሜያቸውን የለኩ ሊቃውንት፥ ከግማሽ ምዕት ዓመት ወዲህ ችግኝ ሆኖ የበቀለ ለዛፍነት አለመድረሱን አገኙ። በዚያ ተራራ የሚፋቀው ዛፍ እንግዲህ ትራክተር ወደ ሁመራ ሳይገባ የበቀለ፥ በልጅነታቸው የወባ መርጫውን ያዩ ሽማግሌዎች እኩያ ወይም ታላቅ ነው። ከሥሩ ያለው ችግኝ በየክረምቱ ይወጣል፤ በየበጋው እስከ አፈሩ ድረስ ይደርቃል።