ከአሶሳ ወርቅ እስከ አሉቶ እንፋሎት

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ በሉና አድምጡኝ፤ ወጉ ከአሶሳ ይነሳል፣ መንገዱም ረጅም ነው።

ክረምቱ ገብቶ በመንጌና በኩርሙክ በኩል ጅረቶቹ ሲሞሉ እናቶች ጎንበስ ብለው አሸዋ ያጥባሉ፤ ውኃው ጭቃውን ይወስደዋል፣ ከዚያም ጥቁሩ አሸዋ ይቀራል፣ ከዚያም ከጥቁሩ አሸዋ ዳር አንዲት ቢጫ ፍንጣቂ ብልጭ ትላለች። ያቺን ፍንጣቂ እዚያ ያስቀመጣት ሙቅ ውኃ ነው። ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ የቤኒሻንጉል አለት በጥልቁ ገና ትኩስ ሳለ፣ የጋለ ውኃ በአለቱ ስንጥቅ እየሾለከ ተጓዘ፣ ከዚያም በረደ፣ ከዚያም ነጩን ኳርትዝና ወርቁን በስንጥቁ ውስጥ ትቶ አለፈ። ያ ሙቀት ዛሬ የለም፤ ለበርታውም ለጉሙዙም ለማኦውም የቀረው ውርሱ ነው።

ያልበረደውን የሚሻ ግን ወደ ምሥራቅ ይሂድ። ኑ፣ አብረን እንውረድ። ከአሶሳ ማልደን እንነሳለን፣ ቀርከሃው ገና ጤዛውን አላራገፈም፤ ባምባሲን እናልፋለን፣ ከዚያም ዳቡስን እንሻገራለን፣ ከዚያም መንዲን፣ ነጆን፣ ጊምቢን እያልን ዴዴሳን ተሻግረን ነቀምቴ ስንደርስ ዝናብ ይቀበለናል፤ ሹፌሩ መስታወቱን በእጅጌው ይጠርጋል፣ ረዳቱም ሸራውን ያጠብቃል። አምቦን አልፈን፣ አዲስ አበባ አድረን፣ በሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፈን ስምጥ ሸለቆ ስንገባ ሰማዩ ይከፈታል፣ ግራሩም ይበዛል። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል አንድ ሰፊ ተራራ ተጋድሟል፤ አሉቶ ይባላል። ማለዳ አየሩ ሲቀዘቅዝ ከጎኑ ነጭ እንፋሎት ሲወጣ ይታያል።

ከ300 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እዚህ ቦታ ከመሬት በታች የተጠራቀመው የቀለጠ አለት፣ ማግማ የሚባለው፣ ፈንድቶ ወጣ፣ ከዚያም ከላይ ያለው ምድር ምሰሶው እንደተነቀለ ጎጆ ወደ ውስጥ ሰመጠ። ሊቃውንቱ እንዲህ ያለውን ስምጥ ካልዴራ ይሉታል። ማግማው ግን አላለቀም፤ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ጥልቀት አዲስ እየገባ አለቱን ያግለዋል። በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ከፍታዎች ላይ የሚዘንበው ዝናብ በስንጥቁ ይሰርጋል፣ ከዚያም እጅግ ረጅም ጊዜ ከመሬት በታች ይጓዛል፣ ከዚያም ትኩሱ አለት ዘንድ ደርሶ ይግላል፣ ከዚያም ሽቅብ ይመለሳል። ያ የአሶሳን ወርቅ ያስቀመጠው ሥራ እነሆ በዓይናችን ፊት ይካሄዳል ማለት እችላለሁ፤ መንገዱና ጥልቀቱ ቢለያይም ሠራተኛው ያው ትኩስ ውኃ ነው።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ይህን ሙቀት ፍለጋ በአሉቶና በአካባቢው 8 ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ጥልቁ 2,500 ሜትር ገደማ ወረደ፣ ሙቀቱም ከ300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ተገኘ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእንፋሎቱ 7 ሜጋ ዋት ገደማ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተተከለ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን በቴክኒክ ችግር ተስተጓጎለ። ጉባ ላይ፣ በገዛ ክልላችሁ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ልዩነቱን እዩት። ቢሆንም ግድብ ዝናብን ይጠብቃል፤ የምድር ሙቀት በድርቅ ዓመትም አይጎድልም። ሀገር በአንድ እግር አይቆምምና ይህን እንፋሎት ለዚህ ያህል ዘመን ችላ ማለታችን ያሳዝነኛል።

ሙቀቱ ግን ዝም ብሎ የተቀመጠ ሀብት አይደለም፤ ይነቃነቃል። ሳተላይቶች አሉቶን ሲመለከቱት በ2004 እና በ2008 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ምድሩ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነበር፣ ከዚያም ቀስ እያለ ወረደ። አፋር ውስጥ ዳባሁ እሳተ ገሞራ አጠገብ በመስከረም 1998 ዓ.ም. ማግማ 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን ስንጥቅ ገባ፤ ምድሪቱም እስከ 8 ሜትር ተከፈተች። ከዚያም በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌና የዶፈን እሳተ ገሞራዎች ተራ ደረሰ፤ ማግማው ከሥር እየገፋ መሬቱን ናጠው፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ዶፈን ላይ እንፋሎትና አቧራ ተተኮሰ፣ በየካቲት 7 መጠኑ 6 የደረሰ መንቀጥቀጥ መጣ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ከብቶቻቸውን እየነዱ ከቀያቸው ወጡ። ግመል የሚጠብቅ አባት ምድር ለምን እንደምትንቀጠቀጥ በቋንቋው የሚነግረው ሰው ይገባው ነበር።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ለእንፋሎቱ ጉድጓዶች መቆፈሪያ ገንዘብ ሲመደብ ምድሪቱን ሌት ተቀን ለሚከታተሉት መሣሪያዎችና ለነዋሪው ቀድሞ ለሚናገሩት ባለሙያዎችም አብሮ ይመደብ። እናንተም የአሶሳ ሰዎች፣ የግድቡ ባለ አገሮች ናችሁና፣ ስለ መብራት በተመከረ ቁጥር የአሉቶንም ጉዳይ አንስታችሁ ጠይቁ።