ጥቁሩ ቤሬት በመተማ ደጃፍ

መተማ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን የአፄ ዮሐንስ መጨረሻ ነው፤ 1881 ዓ.ም። እዚያው ድንበር ላይ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ታንክ ተዋግቷል።

ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም በብርጋዴር ዊሊያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ ጣሊያን የያዘውን የጋላባት ምሽግ አጠቃ። አብረውት የ6ኛው ሮያል ታንክ ሬጅመንት 12 ታንኮች ነበሩ፤ 6 ክሩዘር፣ 6 ቀላል። ምሽጉ በጠዋቱ ተያዘ። መተማ ግን ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ከእሾህ ሽቦዋ ጀርባ ቀረች። የተቀበረ ፈንጂና የቆላው ቋጥኝ የታንኮቹን ሰንሰለት በጣጠሰው፤ 9ኙ ከጥቅም ውጪ ሆኑ።

የሬጅመንቱ ዓርማ ዘውድ ያለበት፣ በቅጠል አክሊል የተከበበ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ታንክ ነው። መለያ ቆቡ ደግሞ ጥቁር ቤሬት፤ የሞተር ቅባት አይታይበትማ። ጉድ ያመጣውም እሱ ነው። ታንከኞቹ ወርደው ሲታዩ፣ ቤሬት አይተው የማያውቁ የወገን የሕንድ ወታደሮች ጣሊያን መስለዋቸው ተኮሱባቸው።

እኔ ኮድ ጸሐፊ ነኝ፤ ይሄ ነገር ቶሎ ይገባኛል። ላኪው የቱንም ያህል ትክክለኛ መለያ ቢይዝ፣ ተቀባዩ ዘንድ ካልተመዘገበ ባዕድ ነው። ዓርማም እንደዚያው፤ ኩራቱ ለለባሹ ነው፣ ሥራው ግን በሚያየው ሰው ዓይን ውስጥ ነው።

ጣሊያን መተማን የለቀቀው በዚያው ዓመት ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በጎንደር መንገድ ሕንዳዊው መኮንን ፕሬሚንድራ ሲንግ ብሃጋት ለ4 ቀን፣ 88 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 15 የፈንጂ ወረዳ አስጠረገ። የተሳፈረበት ብረት ለበስ ሁለቴ ፈነዳበት። ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸለመ። ያንን ምልክት ማንም አልተሳሳተውም።